ገልብጠው የሚያዩት ቀሚስ

ቀሚሱ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ጨርቁ ክሬፕ የሚባለው ሱፍ ነው፤ ክሩ ከመሸመኑ በፊት በጣም ስለተገመደ ገጹ ሲዳስሱት ሻከር ይላል፣ አወራረዱ ግን ለስላሳ ነው። እጅጌው ክርን ላይ ይቆማል። ኮሌታ የለውም። ከወገብ በላይ ሰውነትን ይይዛል፤ ከወገብ በታች በስድስት ቁራጭ ተከፍሎ እየሰፋ ይወርዳል። የፋብሪካም የሱቅም መለያ አልተሰፋበትም፤ አንዲት ልብስ ሰፊ ለአንዲት ሴት ልክ የሠራችው ይመስላል። በአሠራሩ የ1950ዎቹ ልብስ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያገኘሁት ሜሪላንድ ውስጥ የአንዲት ሟች የቤት ዕቃ ሲሸጥ ነው። ከውጭ ሲታይ ጥልፍ የለው፣ ዶቃ የለው፣ ዝም ያለ ልብስ ነው። ሥራው ያለው ውስጡ ስለሆነ ገልብጠን እንየው።

መጀመሪያ ዐይን የሚያርፈው ወገቡ ላይ ነው። ላዩና ጉርዱ በተጋጠሙበት መስመር፣ ከውስጥ በኩል፣ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ጠንካራ ጥብጣብ ዞሯል። ጥብጣቡ አይለጠጥም። ዙሪያውን ሙሉ አልተሰፋም፤ ስፌቶቹ ላይ ብቻ በጥቂት ክር ተይዟል። ግራ ጎን፣ ዚፑ አጠገብ ሲደርስ ሁለቱ ጫፎቹ ነፃ ይሆናሉ፤ የሚያያዙትም በሁለት መንጠቆና በሁለት ቀለበት ነው። ለባሿ መጀመሪያ እነዚህን ትቆልፋለች፣ ዚፑን የምትስበው ከዚያ በኋላ ነው። የጥብጣቡን ርዝመት ከቀሚሱ ወገብ ጋር ሳስተያየው በ1 ሳንቲ ሜትር ያህል ያንሳል። ሥራውን የምትሠራው ይህች ልዩነት ናት። ጥብጣቡ ቀድሞ ሰውነት ላይ ይጠብቅና የጉርዱን ክብደት ይሸከማል፤ ላዩ ወደ ታች አይጎተትም፣ ዚፑም ምንም አይሸከምም። ከስንት ዘመን በኋላ ከጥርሶቹ አንድም አልጎደለም።

ዚፑ ብረት ነው። ከብብት ዝቅ ብሎ ይጀምርና ዳሌ ላይ ያበቃል። ግራ ጎን የተቀመጠው ቀኝ እጅ በቀላሉ እንዲደርስበት ነው። የተሰፋው በእጅ ነው። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ከስር ወደ ፊት እያስኬደች፣ ላይ ስትወጣ አንድ ሁለት የሽመና ክር ብቻ ወደ ኋላ እየተመለሰች ወግታዋለች። ከውጭ የሚቀረው በየ6 ሚሊ ሜትሩ አንድ ነጥብ ነው፤ እሱንም ጣት ያገኘዋል እንጂ ዐይን ቶሎ አያየውም። በመኪና ብትሰፋው ቶሎ ትጨርስ ነበር። ነገር ግን የመኪና ስፌት ይህን ዓይነቱን ሱፍ ይሰበስበዋል፣ ዚፑ ዳር ጨርቁ ይጨማደዳል። በነጥብ በነጥብ የተያዘ ጨርቅ እንደተኛ ይቆያል።

የጎኑን ስፌት ትርፍ ለካሁት። በእያንዳንዱ ወገን 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ዛሬ ከሱቅ በምንገዛው ልብስ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ከተገኘም ጥሩ ነው። ሁለቱ ጎኖች አራት ጠርዝ አላቸው፤ ከየጠርዙ 2 ሳንቲ ሜትር ቢለቀቅ ቀሚሱ አንድ ቁራጭ ሳይጨመርበት በ8 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ጠርዙ እንዳይተረተር በእጅ ተዘምዝሟል፤ መርፌው የገባባቸው ቦታዎች ርቀት ከብብት እስከ ጉልበት አይለዋወጥም። ታች ያለው እጥፋት 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ጫፉ በስስ ጥብጣብ ተሸፍኖ፣ ከጉርዱ አንድ የሽመና ክር ብቻ እየያዘ ተሰፍቷል። ክሩ አልተወጠረም። ቢወጠር ኖሮ ከውጭ በኩል ትናንሽ ጎድጓዶች ይታዩ ነበር።

አዲስ አበባ ሳሉ ብዙ ዘመን በሲንጀር መኪና የሰፉ ጎረቤት አሉኝ። ቀሚሱን ወስጄ፣ «እትዬ፣ ይህን እንዴት ያዩታል?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው የጎኑን ስፌት በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ላዩን አላዩትም። «ይቺ ሴትዮ ስትሰፋ ለሚፈታው ሰው አስባለች» አሉኝ። ቀጥለውም የክሩን መነሻ ፈልገው አሳዩኝ፤ አልተቋጠረም፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ነው የቆመው። ቋጠሮ ቢኖር በካውያ ሲተኮስ ፊቱ ላይ ይታተም ነበር አሉ። እኔ ያን ሳላይ ነበር ወገቡን ሳደንቅ የቆየሁት።

ትከሻው ላይ ደግሞ፣ ከውስጥ፣ 4 ሳንቲ ሜትር የማትሞላ ጥብጣብ አለች። አንዱ ጫፏ ተሰፍቷል፤ ሌላው ተጭነው በሚያገጥሙት ጥቃቅን የብረት ቁልፍ ይዘጋል። የጡት ማስያዣው ማንገቻ በእሷ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ማንገቻው ወደ አንገት አይንሸራተትም፣ ትከሻ ላይም አይወርድም። ብብት ሥር ላብ የሚቀበል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጨርቅ በአራት ላላ ያለ ስፌት ተይዟል፤ ተፈትቶ ይታጠባል፣ ይመለሳል። ቀሚሱን በሙሉ ደጋግሞ ማጠብ ግን ሱፉን ይጨርሰዋል።

እንዲህ ያለ ልብስ የሚሰበስቡ ሰዎች ዘመኑን የሚለዩት ከእነዚህ ነገሮች ነው። የብረት ዚፕ፣ በተለይ ጎን ላይ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1960ዎቹ በፊት ነው፤ ናይለን ዚፕ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነውና። የአሜሪካ ፋብሪካ ልብስ ከሆነ የሠራተኛ ማኅበሩ መለያ ይፈለጋል። የሴቶች ልብስ ሠራተኞች ማኅበር መለያ ላይ «ኤኤፍኤል-ሲአይኦ» የሚል ካለ ልብሱ ከ1955 መጨረሻ አይቀድምም፤ ሁለቱ የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረቶች የተዋሐዱት በዚያ ዓመት ዲሴምበር ነው። የእንግሊዝ ልብስ ከሆነ «ሲሲ 41» የሚለው ምልክት የሁለተኛውን የዓለም ጦርነትና የድኅረ ጦርነቱን የቁጠባ ዘመን ያመለክታል፤ ከ1941 እስከ 1952 ድረስ ይታተም ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ስንት ቁልፍ፣ ስንት ሽንሽን እንደሚፈቀድ በመንግሥት ደንብ ተወስኖ ነበር።

ከዚህ ቁጠባ መሀል ነው ክርስቲያን ዲዮር በ12 ፌብሩዋሪ 1947 ፓሪስ፣ አቬኑ ሞንቴኝ 30 ቁጥር ላይ የመጀመሪያውን ትርዒቱን ያሳየው። ስለዚያ ትርዒት ብዙ ተብሏል፤ ብዙውም ስለ ጉርዶቹ ስፋት ነው። እኔ የማደንቀው ግን ስፋቱ የት እንደተደበቀ ነው። ኒውዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለውን «ሼሪ» የተባለ ቀሚስ ልጥቀስ። ጉርዱ የተሠራው ጨርቁ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሳይቆረጥ በአግድም ተወስዶ ነው። ያ ሁሉ ጨርቅ ወገብ ላይ ሲደርስ ወደ ጠባብ ቀበቶ መግባት አለበት። ቆርጦ መጣል ይቻል ነበር። ዲዮር ቤት ግን ሽንሽኑን ወደ ውስጥ አጣጥፈው አስቀሩት። የታጠፈው ጨርቅ ተጠቅጥቆ ከወገብ በታች ወፍራም ሆነ፤ ዳሌውን የሚያወጣው ትራስም እሱ ራሱ ሆነ። ሌላ ማስደገፊያ ማስገባት አላስፈለገም። ጨርቁ አንድ ነው፣ ከውጭ ጉርድ፣ ከውስጥ ትራስ።

ስማቸው ያልተጻፈ ልብስ ሰፊዎችን ካነሳን አን ሎውን ማለፍ አይቻልም። አላባማ ተወልዳ፣ ልብስ ሰፊ ከሆኑት እናቷና አያቷ ሙያውን የተማረች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በ12 ሴፕቴምበር 1953 ዣክሊን ቡቪየር ጆን ኬኔዲን ስታገባ የለበሰችውን ቬሎ የሠራችው እሷ ናት። ጨርቁ ዝኆን ጥርስ መሳይ ቀለም ያለው ታፍታ ሐር ሲሆን 50 ያርድ፣ ወደ 45 ሜትር ያህል ሄዷል። ላዩ ላይ ጨርቁ በጠባብ በጠባቡ እየታጠፈ ተጠላልፏል። ጉርዱ ላይ ደግሞ የተሰበሰበ ጨርቅ ክብ በክብ እየሆነ ትልልቅ አበባ ሠርቷል። ሰርጉ አሥር ቀን ሲቀረው የሥራ ቤቷ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ የሙሽራይቱ ቬሎና አብዛኞቹ የሚዜዎች ቀሚሶች ተበላሹ። አን ሎው አዲስ ጨርቅ ገዝታ፣ ረዳቶች ጨምራ፣ ሁሉንም እንደገና ሠራች፤ ኪሳራውን ራሷ ቻለች። ልብሱን ኒውፖርት ድረስ ይዛ ስትሄድ በጓሮ በር ግቢ ብትባል እምቢ አለች። በጊዜው ቬሎው በየጋዜጣው ሲደነቅ ስሟ አልተነሣም ማለት ይቻላል። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ በአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ስብስብ ውስጥ የእጇ ሥራ አለላችሁ። ለዕይታ ሲቀርብ ቀሚስ ላይ ያሉትን አበቦች ቀረብ ብላችሁ እዩ፤ እያንዳንዱ ቅጠል ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ በእጅ የተያዘ ሐር ነው።

ወደ ጥቁር ሰማያዊው ቀሚስ ልመለስ፣ ምክንያቱም ለብቻው ሲለበስ ሰውነት ላይ በትክክል አይቀመጥም። ደረቱ ላይ ጨርቁ ተቆንጥጦ የተሰፋባቸው አራት ቦታዎች አሉ። እያንዳንዱ ከሥሩ ሰፋ ብሎ ይጀምርና እየጠበበ ሄዶ አንድ ክር ላይ ያልቃል። የሚያልቁበት ነጥብ በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ የዘመኑ ጡት ማስያዣ ጫፍ ከሚደርስበት 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ ነው። የዛሬውን ክብ ጡት ማስያዣ አድርጌ ስለብሰው ያ ቦታ ይጎደጉዳል፣ ጨርቁም ዝርግ ይሆንና የተበላሸ ይመስላል። ቀሚሱ አልተበላሸም። የተሰፋው ከሥሩ ሌላ ልብስ እንዳለ ታስቦ ነው።

ይህን ለመረዳት አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ዛሬ ልካችንን የሚያገኝልን ላይክራ የሚባለው የሚለጠጥ ክር ነው። ይህን ክር ጆሴፍ ሺቨርስ ቨርጂኒያ፣ ዌይንስቦሮ በሚገኘው የዱፖንት ፋብሪካ የሠራው በ1958 ነው። ከዚያ በፊት የሚለጠጥ ነገር ከተፈለገ ያለው ጎማ ነበር፤ ጎማ ደግሞ ወፍራምና ቶሎ የሚሞት ነው። ስለዚህ ሰውነት የሚታጠፍበትና የሚሰፋበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ ተቆጥሮ፣ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ መሠራት ነበረበት። ቅርጹን የሚሰጠው የሠራተኛው ቆጠራ ነበር።

ጡት ማስያዣው ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ሜይደንፎርም የተባለው ኩባንያ በ1949 ያወጣውን ሻንሶኔት ልውሰድ፤ በ1950ዎቹ እንደ እሱ የተሸጠ ጥቂት ነው። የያዝኩት ነጭ ጥጥ ነው። ስፖንጅ የለውም፣ ሽቦ የለውም። አንዱ ጎን ከሁለት ቁራጭ፣ ከላይና ከታች፣ በመሀል ስፌት ተገጣጥሞ ሾጣጣ ቅርጽ ይዟል። ግን ሁለት ቁራጭ ስስ ጥጥ ብቻውን ይወድቃል። የሚያቆመው ላዩ ላይ የተኬደው ስፌት ነው። ስፌቱ ከጫፉ ይነሣና እየዞረ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ሰፌድ ሲሰፋ አለላው ከመሀል ተነሥቶ ዙር በዙር እንደሚሰፋ ማለት ነው። በዙሮቹ መካከል ያለው ርቀት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ላዩ ጨርቅና ገበሩ በዚህ ስፌት አንድ ሲሆኑ ጥጡ ይደርቃል፣ ቅርጹንም ይዞ ይቆማል። ጣታችሁን ጫፉ ላይ አድርጋችሁ ብትጫኑት ይገባል፣ ስትለቁት ተመልሶ ይወጣል። መኪናው ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ሾጣጣ ነገር እያዞረች መስመሩን ሳታዛባ መሄድ ነበረባት። ከያዝኩት ላይ አንድ ቦታ ብቻ፣ ማንገቻው ሥር፣ ዙሩ ወደ ጎረቤቱ ተጠግቷል።

የወገብና የዳሌ መያዣዎቹን በተመለከተ ሐሳቤ የተከፈለ ነው። ዋርነርስ በ1952 «ሜሪ ዊዶው» ብሎ ያወጣው፣ ከደረት እስከ ዳሌ የሚደርሰው ልብስ ውስጥ ያለውን ብረት ብቻ ብናይ ይበቃል። ብረቱ ሽቦ ተጠምዝዞ ከተደፈጠጠ በኋላ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነው። ዝርግ ብረት የሚታጠፈው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ይህ ግን ወደ ጎንም ይታጠፋል። ስለዚህ ከጎድን ወደ ወገብ ሲወርድ የሰውነቱን መስመር ይከተላል። ሥራው ግሩም ነው። ለብሶ መቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምሳ ከተበላ በኋላማ አይወራም። ጎማ ያለባቸውን ሰብሳቢ ሲገዛ አጥብቆ ይመርምር። ጎማው የሞተ ከሆነ ሲስቡት ይንኮሻኮሻል፣ ተመልሶም አይሰበሰብም። መድኃኒት የለውም።

ጁፖኑን በአጭሩ ልለፈው፤ አንድ ነገር ብቻ። የናይለን ጁፖን ጫፍ ላይ ያለውን ዳንቴል ከጀርባው እዩት። ዳንቴሉ ጨርቁ ላይ ተጥሎ የአበባውን ጠርዝ ተከትሎ በጠባብ ዚግዛግ ተሰፍቷል። ከዚያ በኋላ አንዲት ሠራተኛ ትንሽ መቀስ ይዛ ከኋላ ያለውን ናይለን ስፌቱ ሥር ድረስ ቆርጣ አውጥታዋለች። ለዚህ ነው ቆዳ በዳንቴሉ ውስጥ የሚታየው። መቀሱ 1 ሚሊ ሜትር ቢስት ስፌቱ ይበጠሳል።

አሁን ስቶኪንጉ። ከሁሉም ይልቅ ረጅም ጊዜ ዐይኔ የሚቆየው እሱ ላይ ነው።

ናይለን የተወለደው ዴላዌር ውስጥ፣ በዱፖንት ላቦራቶሪ፣ በ1935 በዋላስ ካሮዘርስ ቡድን እጅ ነው። የናይለን ስቶኪንግ በመላው አሜሪካ ለገበያ የቀረበው በ15 ሜይ 1940 ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ናይለኑ ሁሉ ለፓራሹትና ለገመድ ወደ ጦርነቱ ሄደ። ሴቶች ባዶ እግራቸው ላይ የስፌቱን መስመር በቅንድብ እርሳስ ይስሉት ነበር። ጦርነቱ አልቆ ስቶኪንጉ ሲመለስ ሰልፉ ብዙ ቦታ ወደ ግርግር ተለወጠ።

እነዚያ ሴቶች በእርሳስ የሳሉት መስመር ጌጥ መስሎ የሚታየው ሰው አለ። ጌጥ አይደለም። ስቶኪንጉ የተሠራው ዝርግ ሆኖ ነው፤ መስመሩ ሁለቱ ዳርቻዎች የተገናኙበት ነው። ማሽኑ የእንግሊዛዊው ዊልያም ኮተን ነው፤ ሎውበራ ከተማ ውስጥ ሠርቶ በ1864 የባለቤትነት መብት አወጣለት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ በ1950ዎቹ ስመ ጥር የነበሩት ፔንሲልቬኒያ፣ ሬዲንግ የተሠሩት ነበሩ። አንድ ረጅም ማሽን ጎን ለጎን 30 ያህል ስቶኪንግ በአንድ ጊዜ ይሠራል።

ሥራው የሚጀምረው ከላይ ከጭኑ ነው። መጀመሪያ ወፈር ባለ ክር ጠርዙ ይሠራና ታጥፎ ድርብ ይሆናል፤ የሚያያዘው በመያዣ ስለሆነ መጠንከር አለበት። ከዚያ ክሩ ይቀጥናል። 15 ዴኒየር የሚባለው ክር 9,000 ሜትሩ 15 ግራም ብቻ ይመዝናል። 51 ጌጅ ማለት ደግሞ በአንድ ኢንች ተኩል ውስጥ 51 መርፌ ተደርድሯል ማለት ነው። ስፋቱ 14 ኢንች የሆነ ጭን 476 መርፌ ይፈልጋል። እያንዳንዱ መርፌ አንድ የክር ቀለበት ይይዛል።

እግር ግን እኩል ስፋት የለውም። ከጭን ወደ ጉልበት፣ ከባት ወደ ቁርጭምጭሚት ይጠባል። ማሽኑ ይህን የሚያደርገው በቆጠራ ነው። የተወሰነ ረድፍ ከሠራ በኋላ ከሁለቱም ዳርቻ ያሉትን ቀለበቶች አንሥቶ ወደ ውስጥ፣ ወደሚቀጥለው መርፌ ያሻግራቸዋል። አንድ መርፌ ላይ ሁለት ቀለበት ሲደርብ እዚያ ቦታ ላይ ነጥብ ይቀራል። ስቶኪንጉን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ከስፌቱ ግራና ቀኝ ብታዩ እነዚህ ነጥቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወርዳሉ። ባት ላይ ይቀራረባሉ፤ እግሩ ቶሎ የሚጠበው እዚያ ነው። ነጥቦቹ ከሌሉ ስፌቱ ለማስመሰል የተጨመረ ነው፤ ስቶኪንጉም ቱቦ ሆኖ የተሠራ ነው። ነጥቡን የሚያስመስሉም አሉ። ያኔ ቁልቁል የሚወርዱትን የቀለበት መስመሮች ተከትላችሁ እዩ፤ እውነተኛው ላይ መስመሩ ስፌቱ ጋ ሲደርስ ያዘነብላል፣ በሐሰተኛው ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ተረከዙ ላይ ሌላ ክር ይገባል። ድርብ የሆነው ቦታ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይወጣና አንዳንዱ ሾል ብሎ፣ አንዳንዱ አራት ማዕዘን ሆኖ ያልቃል። ጫማ የሚበላው ቦታ እሱ ስለሆነ ነው የተደረበው። ጥሩ ሥራ ላይ የድርቡ ጫፍ ስፌቱን ልክ መሀል ላይ ያገኘዋል።

ዝርጉ ጨርቅ ከማሽን ሲወርድ ገና ስቶኪንግ አይደለም። አንዲት ሠራተኛ ሁለቱን ዳርቻ አጋጥማ ከጣቶቹ ጫፍ እስከ ጭን ትሰፋዋለች። መኪናው ይፈጥናል፣ ጨርቁ ከምንም ይቀላል፣ መስመሩ ግን መወላገድ የለበትም። ላይ ሲደርስ ድርቡ ጠርዝ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይቀራል። ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህን ቀዳዳ ነው። ከዚያ ስቶኪንጉ የእግር ቅርጽ ባለው ዝርግ ብረት ላይ ተጎትቶ በእንፋሎት ይሞቃል። ናይለን የሞቀበትን ቅርጽ ይይዛል፤ ሲታጠብም ሲለበስም ወደዚያው ይመለሳል። ተነክሮ ቀለም ከያዘ በኋላ የመጨረሻዋ ሠራተኛ ርዝመቱና ቀለሙ የሚመሳሰለውን እያስተያየች ጥንድ ታደርገዋለች።

እንዲህ የተሠራ ስቶኪንግ እምብዛም አይለጠጥም። ስለዚህ ቁጥሩ ሁለት ነው፤ የእግር መዳፍና የርዝመት። በልክ የተገዛም ቢሆን ጉልበት ሲታጠፍ ቁርጭምጭሚት ላይ በጣም ቀጭን መጨማደድ ያሳያል። ለለመደው ዐይን ይህ ጉድለት አይደለም፣ ናይለኑ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። አንዲት ቀለበት ብትበጠስ ከላይ እስከ ታች ይተረተራል። ያኔ ስቶኪንግ ጠጋኞች ነበሩ፤ ጫፏ የሚከፈትና የሚዘጋ ቅንጣት መንጠቆ ይዘው የወደቁትን ቀለበቶች አንድ በአንድ ወደ ላይ ያወጧቸው ነበር። ዛሬ ለአንድ ጥንድ ስቶኪንግ ያን ያህል የሚቀመጥ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

ቱቦ ሆኖ የሚሠራው በ1950ዎቹ መጨረሻ ተስፋፋ፤ ርካሽና ፈጣን ነው። ቀጥሎ አጭር ቀሚስ መጣና የስቶኪንጉ የላይኛው ጠርዝ ጭን ላይ ታየ፤ እስከ ወገብ የሚደርሰው አሸነፈ። ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች ለብረታቸው ተሸጡ። የቀሩት ጥቂት ናቸው። እንግሊዝ ደርቢሸር ውስጥና ደቡብ ፈረንሳይ ሱሜን በምትባል ትንሽ ከተማ በእኛ ዘመንም ሲሠራባቸው ቆይቷል።

ለመልበስ የምትሹ ካላችሁ ጥቂት ልበል። ስቶኪንግ ስትለብሱ የጣት ቀለበትና ረጅም ጥፍር ጠላቱ ነው፤ ስስ የጥጥ ጓንት ይበጃል። ሱፍ ቀሚስ በሽቦ መስቀያ አይሰቀልም። ወገቡ ውስጥ ማንጠልጠያ ጥብጣብ ካለ ክብደቱ በዚያ ይሁን፤ ከሌለ ታጥፎ ይቀመጥ። አሲቴት የሚባለው ጨርቅ አጠገብ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አታቅርቡ፤ አሴቶን ያቀልጠዋል። ለመሰብሰብ የምትሹ ደግሞ ከስቶኪንግ ጀምሩ። ከቀሚስ ይረክሳል፣ ቦታ አይወስድም፣ ሥራውም ለብርሃን ሲያዝ በሙሉ ይታያል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። እናቶቻችን በዚያ ዘመን አሰፍተው በሳጥን ያስቀመጧቸው ቀሚሶች አሉ። ለልጅ ለማሳጠር ወይም ለማጥበብ መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት ገልብጡና የጎኑን ትርፍ ለኩ። 3 ሳንቲ ሜትር ካገኛችሁ አትቁረጡት፤ እጠፉትና በእጅ ያዙት። የሚቀጥለው ሰው ይፈታዋል።